ካሪኩለሙ ይገምገም ከተባለ የሚቀነሰውን ማን ይናገር?

ጠመኔ_በኪሴ (ውይይቱን የጀመረችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ጀነራል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ሰሞኑን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይገምገም ተብሎ የአስተያየት ቅጽ ታድሎን ስሞላ ነበር። «ይዘቱ ለተማሪው ዕድሜ ይመጥናል?» ይላል። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ እያለ ይወርዳል። አገር በቀል እውቀት ተካቷል ወይ? ሥራ ፈጠራስ? ቴክኖሎጂስ? አካባቢ ጥበቃስ? መጨረሻው ላይ ባዶ መስመሮች አሉ፤ «ቢጨመር የሚሉት ካለ ይግለጹ»። ቢቀነስ የሚሉት ካለ የሚል ጥያቄ ግን ወረቀቱን ባገላብጠው የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አዲሱን ካሪኩለም አልጠላሁትም። በ2010 ዓ.ም. የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት ሲቀርብ ከደገፉት አንዷ ነበርኩ። የ1986ቱ ፖሊሲ 7ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ለየብቻ ያስተምር ነበር። አሁን አንድ ላይ መምጣታቸው ጥሩ ነው። ግን ሦስቱ ሲቀላቀሉ ይዘቱ እምብዛም አልሳሳም። ማቀፊያው ነው አንድ የሆነው።

ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ፣ የቤት ሥራ የሠራውን ካልሠራው ለይቼ ስጨርስ አሥር ደቂቃው ሄዷል። ባለፈው ስለ ሴል እያስተማርኩ፣ ማይክሮስኮፕ ስለሌለን በጠመኔ ክብ ስዬ ውስጡን ስሞላ፣ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሴል በእውነት እንደዚህ ክብ ነው ወይስ ለመሳል እንዲመች ነው?» እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ጎረቤት ካለው ሁለተኛ ደረጃ ማይክሮስኮፕ ተውሼ የሽንኩርት ልጣጭ ባሳየው እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎችን በዓይኑ ያያል። ያ ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበላል። «በሚቀጥለው እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው ሌላ ርእስ ገባን። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀኝ «ስንተኛ ገጽ ደረስሽ?» ብሎ ነዋ!

ሐሳቤ አጭር ነው። በክለሳ ጊዜ አንድ ርእስ ሲገባ አንድ ርእስ ይውጣ። ምን ትላላችሁ? የምታስተምሩ ሰዎች የክፍልና የትምህርት ዓይነት ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ።

---

ፖርሽን_ያልጨረሰ

«ስንተኛ ገጽ ደረስሽ?» የሚለውን ሳነብ ላብ ላብ አለኝ 😂 ግንቦት ላይ አንድ ምዕራፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ «የሸፈነ» ሁሉ እዚህ ይፈርም።

---

የሦስት_ልጆች_እናት

አስተማሪ አይደለሁም፤ ማታ ማታ ግን ያለ ደሞዝ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ይመለከተኛል።

እንደ ወላጅ የሚገርመኝ ጥሩ ጥሩው ነገር ሁሉ ወደ ሽምደዳ መለወጡ ነው። የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ይዝፈን፣ ይሳል፣ ድራማ ይሥራ ብዬ። ልጄ ፈተና ይዛ መጣች። «የውዝዋዜ ዓይነቶችን ዘርዝሪ» ይላል። ተወዛውዛ አታውቅም። ዝርዝሩን ግን በቃሏ ትወጣዋለች፣ አሥር ከአሥር አግኝታለች። ግብረ ገብም እንዲሁ ነው። ስለ ሐቀኝነት የሚጠይቀውን ባዶ ቦታ ሙላ ከጓደኛዋ ኮርጃ እንደሞላችው ራሷ እየሳቀች ነገረችኝ። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ሳቅሁ።

ይቀነስ ከተባለ እነዚህን ትምህርቶች አታውጡብን። ፈተናቸውን አውጡልን።

---

ጠመኔ_በኪሴ

@የሦስት_ልጆች_እናት፣ እህቴ፣ የኮረጀችውን ሐቀኝነት ለስታፍ ካልነገርኩ አይሆንልኝም። ፈተናውን አውጡልን ያልሽውን ግን ወድጄዋለሁ። ችግሩ፣ ፈተና የሌለው ትምህርት ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

---

ጡረታ_ላይ_ነኝ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ብዙ ዓመት አስተምሬ ያረፍኩ ሰው ነኝ። አዲስ የሚባለው መዋቅር፣ ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ የሚለው፣ ለእኛ አዲስ አይደለም። 6-2-4 በጃንሆይ ጊዜ እኛ የተማርንበት ነው። 6ኛ ክፍል ፈተና ነበር፣ 8ኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ነበር፣ 12ኛ ላይ ማትሪክ። በኢሕአዴግ ጊዜ 8-2-2 ሆነ፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀረ። ዞረን ዞረን እዚያው ነን። ይህን ለማሽሟጠጥ አላነሳሁትም። መዋቅር መቀያየር ቀላሉ ሥራ እንደሆነ እንድታውቁ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። በዚህ አገር የትምህርት ግምገማ መንግሥት አናግቷል። በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የሚባል ትልቅ ጥናት ተጠና። የእኛም የውጭም ባለሙያዎች ነበሩበት። ወረቀቱን ዛሬ ስታነቡት ብዙ ሐሳቡ ደህና ነው። ለሰፊው ሕዝብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ትምህርቱ ከገጠሩ ኑሮ ጋር ይያያዝ ይላል። ነገር ግን አስተማሪውን በወጉ ያማከረው አልነበረም። ጥናቱ በይፋ እስኪወጣ ድረስም ተይዞ ቆየ። ወሬው ቀድሞ ወጣ። «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው» ተባለ። ወላጅ ደነገጠ። እኛም ስለ ደሞዛችንና ስለ እድገታችን ፈራን። የካቲት 1966 ሥራ አቆምን። በዚያው ሰሞን ባለ ታክሲዎቹም በነዳጅ ዋጋ አድመው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሪቪው ወዲያው ታገደ።

እኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ካደሙት ውስጥ ጥናቱን ያነበበ አንድም ሰው አላየሁም። እኔም አላነበብኩም። ማን አሳይቶን! ስለዚህ ልጄ ጠመኔ በኪሴ፣ ቅጹን ናቅ አታድርጊው። ቢጎድለውም ቅጽ መጥቶልሻል። የጎደለውን ጥያቄ ራስሽ ጽፈሽ መልሺው።

---

ፖርሽን_ያልጨረሰ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ለብቻው አንድ ክር ይገባዋል ይሄ።

---

ቁጥር_ይናገር

ሐሳቡ ይጥማል፤ ትንሽ ውኃ ልቸልስበት።

አንደኛ፣ ብዙ ሰው ይዘት በዝቷል ለማለት የ12ኛ ክፍልን ውጤት ይጠቅሳል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የ2014ቶቹ ግን የተማሩት በአሮጌው ካሪኩለም ነው። አዲሱ በ2014 ገና በተመረጡ ትምህርት ቤቶች እየተሞከረ ነበር። ስለዚህ ያ ቁጥር በአዲሱ መጽሐፍ ላይ አይፈርድም። ኩረጃው ሲቀር የወጣው የከረመ ገመና ነው።

ሁለተኛ፣ ቅነሳ የሞከሩ አገሮች አሉ። ጃፓን ካሪኩለሟን በየአሥር ዓመቱ ገደማ ትከልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ክለሳ ይዘቱን ሠላሳ በመቶ ያህል ቀነሰች። ከ2002 ጀምሮም የቅዳሜ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ቀረ። ልጆቹ ይተንፍሱ፣ ያስቡ ተባለ። የ2003 የፒሳ (የ15 ዓመት ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ምዘና) ውጤት ዝቅ ሲል ወላጁም ጋዜጣውም ተነሳ። በ2008 ክለሳ ይዘቱ መልሶ ተጨመረ። ሀብታሙ ልጁን ማታ ማታ የግል ማስጠኛ ይልክ ነበር፤ ቅነሳው የጎዳው የማይችለውን ነው ብለው የተከራከሩም አሉ። እኛም አገር ብትቀንሱ የግል ትምህርት ቤቱ በራሱ መጽሐፍ ይጨምርበታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ብቻውን የሳሳውን ይዞ ይቀራል።

---

ጠመኔ_በኪሴ

@ቁጥር_ይናገር፣ የግል ትምህርት ቤቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ከባድ ነጥብ ነው። ጃፓን ግን አይመስለኝም። ሲቀነስባቸው ልጆቹ ማንበብም ማስላትም የሚችሉ ነበሩ። የእንግሊዝን ብታነሳ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ብሔራዊ ካሪኩለም በሕግ አወጡ። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የየራሱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሁሉም የራሱን ጻፈ፣ ሲደመር አልቻል አለ። አስተማሪው ፈተናውን አልፈትንም ብሎ አደመ። በ1993 ሰር ሮን ዲሪንግ እንዲገመግም ተሹሞ ይዘቱ እንዲሳሳ አደረገ። እኛስ ከዚያ በምን እንለያለን?

---

መጽሐፍ_ዝግጅት_ነበርኩ

የምትለዩበት የለም። ከውስጥ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ በክልል ደረጃ በመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት ላይ ሠርቻለሁ። አካሄዱ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የይዘት ፍሰት ሰንጠረዥ ይወጣል። ከዚያ መርሐ ትምህርት፣ ከዚያ የተማሪ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ። ሰንጠረዡ ላይ እያለ ገና ልከኛ ነው። ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ይጀምራል። አንዱ መሥሪያ ቤት የመንገድ ደኅንነት ይካተት ይላል። ሌላው ግብር። ሌላው ሙስና። ሌላው ሥርዓተ ምግብ። ሁሉም «ተሻጋሪ ጉዳይ» ይባላል። ሁሉም ልክ ነው። የመንገድ ደኅንነት አይግባ ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ምንባብ ውስጥ እንሸጉጠዋለን። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለ ጥንቸል ያነብ የነበረው ስለ ዜብራ ማቋረጫ ማንበብ ይጀምራል።

በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ «ይሄን አውጡልን» የሚል ደብዳቤ አልደረሰንም። አዘጋጁም ቢሆን የተመረቀበትን ርእስ በገዛ እጁ አይሰርዝም። የፊዚክስ ሰው ፊዚክስ ይቀነስ ብሎ ፈርሞ ሲወጣ ባልደረቦቹ ምን ይሉታል? ስለዚህ አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ የሚለው ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን ከትምህርት ዓይነቶቹ ውጪ ያለ ሰው መሆን አለበት።

---

ፊደል_ቆጣሪ

እናንተ ላይኛው ክፍል ላይ ናችሁ። ወደ ታች ውረዱ እባካችሁ።

2ኛ እና 3ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። አንድ ተማሪ አለኝ። ንባብ ሲባል ቀድሞ ይነሳል፣ ድምፁ ያምራል፣ ነጥብ ላይ ሳይቀር ያርፋል። አንድ ቀን ከኋላው ሆኜ መጽሐፉን አየሁት። የሚያነበው ምንባብ ሌላ፣ የከፈተው ገጽ ሌላ። ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። ጣቱን እንኳ በመስመሩ ላይ እያስኬደ ነበር! ይህ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ማንበብ ግን አይችልም። ብቻውንም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክ ደግሞ ከአሥር ዓመት ልጆቻችን ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። እነዚህ ልጆች ናቸው 7ኛ ክፍል ላይ ሴል የሚጠብቃቸው።

ሒሳቡን እንሥራ። 60 ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ ድምፅ አውጥቶ ቢያነብልኝ 60 ደቂቃ ነው። ክፍለ ጊዜው 40። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉንም መስማት አልችልም። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ አካባቢ ሳይንስ አለ፣ ግብረ ገብ አለ፣ ጥበባት አለ፣ ሰውነት ማጎልመሻ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቋንቋና ሒሳብ ላይ ብቻ ተዉን። ሌላውን በምንባቡ ውስጥ እናስተምረዋለን። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው መድቦ ማስተማሩን ትቶ፣ ማንበብ በሚችሉት ልክ በቀን ለተወሰነ ሰዓት እየመደበ ለውጥ አምጥቷል። ዋናው ነገር ጊዜ መስጠቱ ነው።

---

የሦስት_ልጆች_እናት

@ፊደል_ቆጣሪ፣ የልጁ ነገር አንጀቴን በላው። ከዚያስ ምን አደረግሽው?

---

ፊደል_ቆጣሪ

ምንም አላልኩትም በክፍል ፊት። እረፍት ላይ ጠርቼ የስሙን ፊደላት ጋዜጣ ላይ አስፈለግኩት። አሁን ቃል በቃል እየሄደ ነው። የሚያምረው ድምፁ ግን ጠፋ፣ እየተንተባተበ ስለሚያነብ ልጆቹ ይስቁበታል። ያ ነው ያሳዘነኝ።

---

የ9ኛ_ኬሚስትሪ

እኔ ደግሞ በምሳሌ ልምጣ፣ የክፍልና የትምህርት ዓይነት ጠቅሳችሁ ስለተባለ።

9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ምዕራፍ 2 ልኬትና ሳይንሳዊ ዘዴ ነው። እዚያው ክፍል ፊዚክስ ምዕራፍ 2 ፊዚካል ኳንቲቲስ ነው። በአንድ ሴሚስተር፣ ለአንድ ተማሪ፣ ሁለት አስተማሪ ሜትርና ኪሎግራም ያስተምረዋል። ባዮሎጂው መግቢያ ላይ ሳይንሳዊ ዘዴን ደግሞ ይጀምረዋል። ተማሪዎቼ «ቲቸር ይሄን ፊዚክስ ላይ ጨርሰናል» ይሉኛል። ፈተና ላይ ግን ሁለታችንም እንጠይቃቸዋለን።

ሌላው ቋንቋው ነው። ብዙዎቹ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው 9ኛ ላይ በአንድ ጊዜ ሁሉም እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የማስተምረው ኬሚስትሪ አይደለም። አረፍተ ነገር ነው የምፈታው። የክለሳው ቅጽ ላይ ለዚህ የተሰጠ ሳምንት የለም። የይዘቱ ሰሌዳ ልጁ መስከረም ላይ እንግሊዝኛ እንደሚሰማ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። የቲቪው አስተማሪ ጥያቄ ይሰጥና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ «ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። መጽሐፉም አሁን እንደዚያው ነው የሚሄደው።

---

አስራ_ሁለተኛ_ነኝ

ተማሪ መግባት ይቻላል? 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ናቹራል።

ይቀነስ አይቀነስ ትላላችሁ። እኛ ጋ እኮ በየዓመቱ ይቀነሳል! የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች በክፍል ተምረን አናውቅም። ሰኔ ሲመጣ «ይሄን ራሳችሁ አንብቡት» ነው። 9ኛ ላይ የፊዚክስ መጨረሻ ስለ ሙቀት መጠን ነበር፣ አልደረስንበትም። 10ኛም፣ 11ኛም ላይ እንዲሁ። መጽሐፉ ራሱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ነው የጀመርነው፣ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ተደርቦ ያያል። አሁን ለኢንትራንስ ስዘጋጅ የማላውቃቸው ምዕራፎች ሁሉም ከመጽሐፍ መጨረሻ ናቸው። ከባድ ስለሆኑ አይደለም። መጨረሻ ላይ ስለተጻፉ ነው።

---

ጠመኔ_በኪሴ

እኔ በረጅሙ ያልኩትን ይሄ ልጅ በአጭሩ ጨረሰው። ቅነሳው ድሮውንም አለ። የሚቀንሰው ግን ካላንደሩ ነው። ማንም ሳይመክርበት፣ ጠቃሚውን ከማይጠቅመው ሳይለይ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ።

@ቁጥር_ይናገር፣ ስለዚህ ምርጫችን ሙሉ ይዘት ወይስ የተቀነሰ ይዘት አይደለም። ሙሉ ይዘት የተማረ ልጅ የታለ? ጥያቄው ባለሙያ አስቦበት ይቀንሰው ወይስ ሰኔ ይቀንሰው ነው።

---

ቁጥር_ይናገር

እሺ፣ ይሄኛው ክርክር ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከቀነሳችሁ ፈተናው አብሮ ይቀነስ። መጽሐፉ ሳስቶ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደነበረ ከቀጠለ ልጁ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የምትፈርዱበት።

---

መጽሐፍ_ዝግጅት_ነበርኩ

ይሄ ዋናው ነው። በክለሳ ሥራ ላይ ፈተና የሚያዘጋጀውና መጽሐፍ የሚያዘጋጀው የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ።

ለጠመኔ በኪሴ አንድ ተግባራዊ ምክር። «ይዘት በዝቷል» ብለሽ ብትጽፊ ማንም አያነበውም፤ ሁሉም የሚለው ነው። ምዕራፍና ንዑስ ርእስ ጥቀሽ። ለምን እንደሚወጣ፣ ወይ የት ክፍል ላይ እንደሚደገም አንድ መስመር ጻፊ። በስንት ክፍለ ጊዜ ታስቦ በስንት እንዳለቀ ካለሽ ደግሞ እሱን አስገቢ። እንዲህ ያለ አስተያየት ሲመጣ እኛ ኮሚቴ ውስጥ ተነቦ ያውቃል።

---

ጡረታ_ላይ_ነኝ

ብቻሽንም አትጻፊው። የዲፓርትመንቱ ሰው ሁሉ ይፈርምበት።

---

ጠመኔ_በኪሴ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው እዚሁ እንጀምረው። የ7ኛ እና የ8ኛ ጀነራል ሳይንስን እኔ እይዛለሁ። የሚደጋገመውን በቀይ፣ በጊዜው የማያልቀውን በሰማያዊ ለይቼ በሠንጠረዥ እለጥፈዋለሁ። @ፊደል_ቆጣሪ የታችኛውን ትይዢልኛለሽ? 9ኛ ላይ ኬሚስትሪ አለን። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው አለ እዚህ?

---

ፊደል_ቆጣሪ

እይዛለሁ። የንባብ ሰዓቱን አስልቼ አመጣለሁ።

---

ፖርሽን_ያልጨረሰ

አለሁ፣ የ9ኛ ፊዚክስ እኔ ነኝ። ሳስቅ የከረምኩት ለዚህ ነበር እንዴ? @የ9ኛ_ኬሚስትሪ፣ የልኬቱን ምዕራፍ አንተ ትተዋለህ ወይስ እኔ ልተው?

---

የ9ኛ_ኬሚስትሪ

አንተ ውሰደው፣ አልጣላህም። ግን መስከረም ሳያልቅ ሲግኒፊካንት ፊገርን ጨርስልኝ። ጥቅምት ላይ የአቶም መዋቅር እገባለሁ።

---

ፖርሽን_ያልጨረሰ

መስከረም? መስከረም ምዝገባ ነው እኮ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ስጠኝ።

---

የ9ኛ_ኬሚስትሪ

ጥቅምት 10። ከዚያ በላይ የለም።